ለደሴ ቢሮ የእንጨትና መስታወት ፓርቲሽን እንዴት ይሰራል?

ደሴ ላይ አዲስ ፎቅ ውስጥ ቢሮ የሚከፍት ሰው ለፓርቲሽን፣ ማለትም ክፍል ለሚለየው ቀላል ግድግዳ፣ ቶሎ የሚሄደው ወደ አሉሚኒየም ነው፣ እኔ ግን ለዚህ ብርድና ጉም እንጨትና መስታወት እመርጣለሁ፣ ብርሃኑ ሳይቀንስ ክፍሉ ሞቅ ይላል፣ የሰፈር አናጢም ይሰራዋል። ብቻ እንጨት እንደሚያብጥና እንደሚኮማተር መርሳት የለባችሁም፣ ስራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ እንጨት። ባህር ዛፍ ለመወጣጫ ይሁን እንጂ ለመስታወት ፍሬም ተዉት፣ ሲደርቅ ይጣመማል ይሰነጠቃል። ዋንዛ ካገኛችሁ እሱን ያዙ፣ ጥድም ቢሆን ምስጥ አይደፍረውም፣ ሁለቱም አገር በቀል ስለሆኑ ፈቃድ ካለው ሻጭ ግዙ። "ደርቋል" ስለተባላችሁ ብቻ ግን አትመኑ። ከጣውላው መሃል ትንሽ ቁራጭ አስቆርጡና መዝኑት፣ ቢሮው ውስጥ አስቀምጡትና በየሁለት በየሶስት ቀኑ ደግማችሁ መዝኑት፣ ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ ገና እርጥብ ነው ማለት ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ የደረቀ እንጨት ክረምት ላይ ደሴ ሲወጣ ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ስለዚህ ሳይገጠም በፊት ቢሮው ውስጥ ሰንብቶ አየሩን ይልመድ። የሚያብጠው በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ስለሆነ ሰፊ ጣውላ ከመጠቀም ጠበብ ያለ ይሻላል።

ቀጥሎ ልኬት። ሜትሮና ቱንቢ ይዛችሁ የግድግዳውን ላይ፣ መሃልና ታች ለየብቻ ለኩ፣ ግድግዳ ሁሌ ቀጥ አይልም። ፍሬሙን ኮርኒሱ ላይ አታቁሙት፣ ከኮርኒሱ በላይ እስካለው የኮንክሪት ጣሪያ፣ እስከ ሶሌታው ድረስ ውሰዱት፣ ካለበለዚያ የስራ አስኪያጁ ወሬ በኮርኒሱ በላይ ተሻግሮ ኮሪደር ላይ ይሰማል። ከታች ደግሞ እንጨቱ ወለል አይንካ! ጽዳት ሰራተኛዋ ጠዋት ጠዋት የምታፈሰው ውሃ የፍሬሙን እግር ነው የሚበላው፣ መጀመሪያ ቫርኒሹ ይላጣል ከዛ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ስለዚህ 10 ሴንቲሜትር የሚሆን የሴራሚክ ወይም የግራናይት መቆሚያ አሰሩለት።

መስታወት ላይ ክብደቱን አስቡ። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በየሚሊሜትሩ 2.5 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ ባለ 6 ሚሊሜትር 1 በ 2 ሜትር የሆነው ብቻውን 30 ኪሎ ይመዝናል። በር አካባቢና ከወለል ጀምሮ ለሚቆመው ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ፣ ሲሰበር ደቃቅ የሚሆን) ወይም ላሚኔትድ (መሃሉ ፕላስቲክ ያለው፣ ቢሰበርም የማይበተን) ይሁን፣ ተራው ሲሰበር ስለታም ነው። ቴምፐርድ ከተሰራ በኋላ አይቆረጥም፣ ስለዚህ ፍሬሙ ቆሞ ልኬቱ ሳይረጋገጥ ትዕዛዝ አትስጡ።

አሁን ዋናው፦ ገጠማ። ቫርኒሹ መስታወቱ ከመግባቱ በፊት ይቀባ፣ መስታወቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጡም ጭምር። ከመስታወቱ ስር፣ ከሁለቱም ጫፍ ሩብ ያህል ገባ ብሎ ሁለት ጠንካራ የጎማ ቁራጭ አድርጉ፣ መስታወቱ እነሱ ላይ ብቻ ይረፍ። ዙሪያውን ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ይተው። አናጢው "ጥብቅ አድርጌ ልግጠመው?" ካላችሁ "አይ ጋሼ፣ ክፍተት ተውለት" በሉት፣ ምክንያቱም እንጨቱ ሲያብጥ መስታወቱን ይጨምቀዋል፣ ደግሞ እኛ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው፣ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፣ ፍሬሙ ሲነቃነቅ መስታወቱ የሚተርፈው ክፍተት ካለው ነው። ከላይም ፍሬሙና ሶሌታው መሃል ትንሽ ክፍተት ትታችሁ በፎም ሙሉት። መስታወቱን የሚይዘውን ቀጭን እንጨት በሚስማር ሳይሆን በብሎን እሰሩት፣ አንዱ መስታወት ቢሰበር ፍሬሙ ሳይጎዳ ይቀየራል። መስታወቱና እንጨቱ መሃል የሚቀባው ማሸጊያ ሲሊኮን ስስ ይሁን።

መስታወቱ ላይ በአይን ከፍታ ፍሮስትድ (ብርሃን የሚያስገባ ግን ጥርት አድርጎ የማያሳይ) ስቲከር ለጥፉ፣ ንጹህ መስታወት አይታይምና ሰው ይጋጨዋል። የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትሹ፣ የላላውን አጥብቁ፣ የታችኛውን እንጨት ቫርኒሽ ድገሙት።