ለፋሲካም ለአረፋም፦ በግ ሳያንገላቱ ማደለብ

ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ ለፋሲካ፣ ሙስሊሙ ለአረፋ በግ ገዝቶ ሁለት ሦስት ወር ግቢው ውስጥ ያደልባል። ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ፉርሽካና ፋጉሎ ዋጋ ነው። በጉ ተመችቶት ይሁን አይሁን ዞር ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው፤ የተጨነቀ በግ ደግሞ የፈለጋችሁትን ብትቀልቡት አይሰባም።

ገበያ ላይ ላቱን ከመጨበጣችሁ በፊት የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣት ገለጥ አድርጉ። ውስጡ ቀላ ካለ ጥሩ ነው። ከነጣ ደም አንሶታል፣ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ የሆድ ወይም የጉበት ትል ነው። አገጩ ስር እብጠት ካያችሁ እለፉት። በጸጉሩ ጨምድዳችሁ አታንሱት፣ ቆዳውን ያመዋል፣ ስጋውም ይበልዛል።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አራት እግሩን ጠፍሮ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ መጫን ይቅር፣ በቃ። በግ የሚያመነዥክ እንስሳ ስለሆነ ሆዱ ውስጥ ሁሌም ጋዝ ይፈጠራል፤ ያን ጋዝ አግስቶ የሚያስወጣው ቆሞ ወይም በደረቱ ተኝቶ ነው። በጎኑ ወይም በጀርባው ታስሮ ሲጋደም ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ሳንባውን ይጫናል፣ ከባቲ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እስኪደርስ ድረስ ሊሞትም ይችላል። ከሌላ ሰው ጋር ተጋርታችሁ ፒካፕ ተኮናተሩ። ወለሉ ላይ ገለባ ጎዝጉዙ፣ በጎቹ ቆመው ይሂዱ።

ደሴ ከባቲ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከቆላ የመጣ በግ የጦሳ ተራራ ንፋስ ሲያገኘው በአንድ ሌሊት ሳል ሊጀምረው ይችላል። ስለዚህ ማደሪያውን ከታች በኩል ንፋስ እንዳይገባ ዝጉለት፣ ከጣሪያው ስር ግን ክፍተት ተዉ። ጠዋት በሩን እንደከፈታችሁ በጉ ራስ ቁመት ላይ ቁጢጥ በሉና ተንፍሱ። ዓይናችሁን ከቆጠቆጠው እሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጠቁጠው አድሯል። ያ ከሽንቱ የሚወጣ አሞኒያ ነው፣ ሳንባውንም ለበሽታ ያጋልጠዋል። ጉዝጓዙን ቀይሩ። ለአንድ በግ ቢያንስ 1 ካሬ ሜትር ቦታ ስጡት።

ቤት ሌሎች በጎች ካሉ አዲሱን 2 ሳምንት ለይታችሁ አቆዩት፣ ክትባትና የትል መድኃኒትም አሰጡት። ግን ብቻውን ጨለማ ውስጥ አትዝጉት። በግ ያለ መንጋ ይጨነቃል፣ የሌሎቹን ድምፅ ይስማ። ከተቻለ ሁለት ግዙ።

መኖ ላይ ችኮላ አይሠራም። ድርቆሽ የለመደ ሆድ በአንድ ቀን እህልና ፉርሽካ ሲሞላ አሲድ ይፈጥራል፣ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል። በእፍኝ ጀምሩና በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ድርቆሹን ግን በፍጹም አታቋርጡ። የሚልሰው አሞሌ ጨው ይኑር። በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ንጹህ ውኃ ያስፈልገዋል፣ አተላ ውኃን አይተካም። በልቶ ከተኛ በኋላ ዓይኑን ሰብሮ ሲያመነዥክ ካያችሁት ተመችቶታል ማለት ነው።

ሙክት ማድረግ ከፈለጋችሁ በድንጋይና በዱላ መቀጥቀጡ በጣም ያሠቃያል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋ ወስዳችሁ ቡርዲዞ በሚባለው የማኮላሻ ጉጠት አስኮላሹት፤ እሱም ቢሆን ያማል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ማደንዘዣ ወይም የሕመም ማስታገሻ ካለ ጠይቁ።

ለአረፋ የምታደልቡ ደግሞ ልብ በሉ፦ የታወረ፣ የሚያነክስ፣ የታመመና የከሳ ለኡድሂያ (ለአረፋ መሥዋዕት) አይሆንም። ገመድ እግሩን እንዳይቆርጠው፣ ሰኮናውም እንዳይረዝም በየሳምንቱ ፈትሹ።

የእርዱ ዋዜማ ማታ መኖውን አንሱ፣ ውኃውን ግን ተዉለት። ቢላውን እሱ በማያይበት ቦታ ቀድማችሁ ሳሉት። ሌላው በግ ፊት አትረዱ። ሲወሰድም አይጎተት፤ ከኋላ ቀስ ብላችሁ ብትነዱት ራሱ ይሄዳል።