ከገዢው በሚሰበሰብ ክፍያ የፍራሽ ሪሳይክል ፕሮግራም በአንድ ስቴት እንዴት ይመራል

አሮጌ ፍራሽ የቆሻሻ ማስወገጃ ሥፍራዎችን በብርቱ ከሚያስቸግሩ ዕቃዎች አንዱ ነው። ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ቢጫኑት ተመልሶ ይነሳል፣ ሽቦው ከከባድ ማሽኖች ጋር ይጠላለፋል። ውስጡ ያለው ብረት፣ ስፖንጅ፣ ጥጥና እንጨት ግን በክብደት ሲሰላ ከሶስት አራተኛ በላይ ተመልሶ ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል። ነገር ግን እነዚህን በመሸጥ የሚገኘው ገንዘብ የማጓጓዣውንና የመበተኛውን ወጪ አይሸፍንም። ከአዲስ ፍራሽ ገዢ ላይ የሚሰበሰበው ክፍያ የተፈለገው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

በአሜሪካ ይህን መንገድ በሕግ ያቆሙት ኮኔቲከት፣ ካሊፎርኒያ፣ ሮድ አይላንድና ኦሪገን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሶስቱ ሕጉን ያወጡት በ2013 ነው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው በኮኔቲከት በሜይ 2015፣ በካሊፎርኒያ በ2015 የመጨረሻ ቀናት፣ በሮድ አይላንድ በ2016 ተጀመረ። ኦሪገን ሕጓን በ2022 አውጥታ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀመረች። ፕሮግራሞቹን የሚመራው የፍራሽ አምራቾች ያቋቋሙት ማትረስ ሪሳይክሊንግ ካውንስል የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ ሕዝቡ የሚያውቀው ባይ ባይ ማትረስ በሚለው ስም ነው። መንግሥት ገንዘቡን አይሰበስብም። በካሊፎርኒያ ካልሪሳይክል የተባለው መሥሪያ ቤት የድርጅቱን ዕቅድና ዓመታዊ በጀት ያጸድቃል፣ አፈጻጸሙንም ይቆጣጠራል።

ክፍያው የሚጣልበትን ዕቃ መለየት

ስለ ዶላሩ ከመነጋገር በፊት የትኛው ዕቃ ክፍያ እንዳለበት በግልጽ ይጻፍ። ፍራሹና ከሥሩ የሚቀመጠው ቦክስ ስፕሪንግ ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ ሁለቱንም የገዛ ሰው ሁለት ክፍያ ይከፍላል። ቦክስ ስፕሪንግ የሚባለው በጨርቅ የተለበጠው ነው፤ ጨርቅ የሌለው የእንጨት ወይም የብረት አልጋ አይገባበትም። የሕፃን አልጋ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ ስስ ፎም፣ የመኝታ ከረጢት፣ በአየር የሚነፋ የካምፕ ፍራሽ፣ የውሃ አልጋ፣ ፉቶን (የሚታጠፍ ወፍራም ፍራሽ) እና ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ሶፋ ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ይህ ዝርዝር በሻጩ የሂሳብ ማሽን ውስጥ በየዕቃው መለያ ካልተጫነ፣ አንዱ ሻጭ በትራስ ላይ ያስከፍላል፣ ሌላው ቦክስ ስፕሪንጉን ይዘለዋል።

የክፍያው መጠን ለትንሹ ፍራሽም ኪንግ ለሚባለው ትልቁም አንድ ይሁን። በዋጋ መቶኛ ማስከፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የ3,000 ዶላር ፍራሽ ለመበተን ከ300 ዶላሩ አሥር እጥፍ አያስወጣም። በፍራሹ ስፋት ልክ ማስከፈልም ለሻጩ ስህተት ለኦዲተሩ ክርክር ይፈጥራል። ክፍያውን የሚወስነው ፍራሹ የሚደርስበት አድራሻ ነው፦ ከኔቫዳ ወደ ካሊፎርኒያ የሚላክ ፍራሽ ይከፈልበታል፣ ከካሊፎርኒያ ወደ ኔቫዳ የሚወጣ አይከፈልበትም። በደረሰኙ ላይ ክፍያው ራሱን ችሎ በአንድ መስመር ይታይ። ኦክላንድ ወይም ሎስ አንጀለስ ፍራሽ የገዛ ወገናችን ከዋጋው ሥር የሚያየው ጥቂት ዶላር ይኸው ነው፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ስለከፈለ አሮጌውን ወደ መሰብሰቢያ ሲያመጣ ድጋሚ ሊጠየቅ አይገባም።

መጠኑን ማስላት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወጪውን በሚሰበሰበው ፍራሽ ቁጥር ሲያካፍል ነው። ከፋዩ አዲስ ፍራሽ የሚገዛው ሰው ነውና ወጪው መካፈል ያለበት በሚሸጠው ቁጥር ነው። ለስሌቱ ማሳያ እንዲሆን በዓመት 400,000 ፍራሽና ቦክስ ስፕሪንግ የሚሸጥበት፣ 220,000 አሮጌ የሚሰበሰብበት ስቴት እንውሰድ። ለእያንዳንዱ አሮጌ ማጓጓዣው 7፣ መበተኑ 13 ዶላር ቢፈጅ 4,400,000 ይሆናል። ለመሰብሰቢያ ጣቢያዎች 440,000፤ ለአስተዳደር፣ ለኦዲትና ለሕዝብ ማስተማሪያ 960,000 ይጨመር። ድምሩ 5,800,000 ነው፤ ለ400,000 ሲካፈል 14.50 ዶላር ይመጣል።

እዚህ ላይ መቆም ግን አደጋ ነው። የስድስት ወር ወጪ የሚሆን መጠባበቂያ (2,900,000) በሶስት ዓመት ውስጥ ለማከማቸት በአንድ ዕቃ 2.42 ይጨመራል፤ 16.92 ይሆናል። ከሽያጩ 5 በመቶው ሳይመዘገብ ያመልጣል ብለን ብንይዝ ለ0.95 እናካፍለዋለን፤ 17.81። ወደ 18 ይጠጋጋል። መጠባበቂያው የግድ ነው፤ የሽያጭ መጠን በኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ጊዜ ይወርዳል፣ ሰው አሮጌ ፍራሹን ማምጣቱን ግን አያቆምም። ገቢና ወጪ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱበት ዓመት መምጣቱ አይቀርም።

መጠኑ ባለበት የሚቆምም አይደለም። ካሊፎርኒያ በ11 ዶላር ጀምራ በ2018 ወደ 10.50 ዝቅ አደረገች፤ በ2024 ግን 16 ዶላር ደረሰ። ኦሪገን ገና ስትጀምር 22.50 ነበር። ሽያጩ አነስተኛ በሆነበት ስቴት ቋሚው ወጪ ለጥቂት ዕቃ ስለሚከፋፈል መጠኑ ቢበልጥ አያስደንቅም። ለውጥ ሲኖር ሻጮች ማሽናቸውን የሚያስተካክሉበት ቢያንስ የ90 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣቸው፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ወር የሚመጣው ሪፖርት በአሮጌውና በአዲሱ መጠን የተደበላለቀ ይሆናል።

ሻጮችን መመዝገብ

የየወሩ ሪፖርት የተሸጠውን ቁጥርና የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻ ይጠይቅ፤ ያልሸጠም ዜሮ ብሎ ይላክ። ዜሮ የማይልክ ሻጭ አልሸጠ ይሁን ረስቶ ይሁን አይታወቅም። ትልልቆቹ መደብሮች በቀላሉ ይመዘገባሉ፤ የሚያመልጡት በኢንተርኔት ከሌላ ስቴት የሚልኩት፣ ፍራሽን ከሶፋ ጋር በጥቅል ዋጋ የሚሸጡ የቤት ዕቃ መደብሮች እና ከፋብሪካ በቀጥታ የሚገዙ ሆቴሎች ናቸው። እነዚህን ለማግኘት የአምራቾችን የደንበኛ ዝርዝር ከተመዘገቡት ሻጮች ጋር ማስተያየት ከማንኛውም ማስታወቂያ የተሻለ ይሠራል። ተመላሽ ዕቃ ላይ ክፍያው ለገዢው ይመለስ አይመለስ፣ በቅያሪው ላይ እንደገና ይጠየቅ አይጠየቅ የሚለው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተጽፎ ይሰራጭ።

መሰብሰብ፦ ዋናው ጠላት ውሃ ነው

ፍራሽ የሚመጣው በሶስት በር ነው፦ ነዋሪው በነፃ የሚያስረክብበት ጣቢያ፣ አዲሱን ያደረሰው ሻጭ፣ እና እንደ ሆቴልና ዩኒቨርሲቲ ያሉ በብዛት የሚቀይሩ ተቋማት። በካሊፎርኒያ ፍራሽ አድራሽ ሻጭ አሮጌውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ልውሰድልዎ ማለት አለበት፤ ጤና የሚጎዳ ብክለት ካለበት እምቢ ማለት ይችላል። በራሱ መኪና ወደ ሪሳይክለሩ (ፍራሹን ወደሚበትነው ድርጅት) ለሚያመጣ ሰውም በአንዳንድ ቦታዎች ለአንድ ዕቃ 3 ዶላር ይከፈላል፣ በቀን እስከ አምስት ዕቃ። ሞቴል የምታስተዳድሩ ክፍሎቻችሁን ስታድሱ አስቀድማችሁ ብትደውሉ ጥሩ ነው፤ በቀጥታ ማስረከብ ከትንሽ ጣቢያ ደጅ ከመደርደር ይሻላል።

የጣቢያው ዕቃ ቀላል ነው፤ 53 ጫማ የሆነ የተዘጋ ተጎታች ወይም ክዳን ያለው ኮንቴይነር፣ ፓሌት፣ ትልልቅ የፕላስቲክ ከረጢት፣ መቁጠሪያ ቅጽ። ተጎታቹ ወደ 100 ያህል ዕቃ ይይዛል። አንዱ በአማካይ 50 ፓውንድ ያህል ስለሆነ ጠቅላላው 5,000 ፓውንድ ብቻ ነው፤ መኪናው በክብደት ሳይሆን በቦታ ይሞላል። ስለዚህ አጫጫን ገንዘብ ነው። ቦክስ ስፕሪንግ በጎኑ ቆሞ ግድግዳውን ይያዝ፣ ፍራሹ እስከ ጣሪያው ይደርደር። 70 ዕቃ ይዞ የሚወጣ ተጎታች የእያንዳንዱን ማጓጓዣ ዋጋ ከአርባ በመቶ በላይ ከፍ ያደርጋል። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ በቆሻሻ መጭመቂያ መኪና ማምጣት ግን አይሆንም፤ ይቆሽሻል፣ ይረጥባል፣ ከዚያ በኋላ የሚበትነው የለም።

የረጠበ ፍራሽ ይከብዳል፣ በቀናት ውስጥ ይሻግታል፣ ከጎኑ ያሉትንም ያበላሻል፤ ጥጡና ስፖንጁ ገዢ አያገኙም። ዝናብ በሚበዛበት ወር ከቤት ውጭ የቆየውን ሁሉ መቀበል ደግነት ቢመስልም ፕሮግራሙን ያከስራል። የረጠበ፣ የሻገተ፣ በረዶ የተጋገረበት፣ በደም ወይም በሽንት የጨቀየና ትኋን ያለበት አይግባ። ትኋን የሚታየው በስፌቱ ጠርዝና በማዕዘኖቹ እጥፋት ላይ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ዕቃው በከረጢት ይታሸግ፣ ምልክት ይደረግበት፣ ለብቻው ይቀመጥ። መንገድ ላይ ተጥሎ የተገኘውን ከተማው የሚያነሳበት የተለየ በጀት ይኑር እንጂ ከንጹሑ ጋር በአንድ ተጎታች አይጫን።

መበተን

አሠራሩ አሁንም በአመዛኙ የእጅ ነው። ወገብ ከፍታ ላይ ያለ ጠረጴዛ፣ የመንጠቆ ምላጭ ያለው ቢላ፣ ቢላ የማይቆርጠው ጓንት፣ መነጽር፣ የአቧራ ጭምብልና መቆንጠጫ ይበቃሉ። ሠራተኛው መጀመሪያ ዙሪያውን ያያል፤ መርፌ የተሰካበት ፍራሽ ይገጥማል፣ ስለዚህ እጅን ወደማይታይ ቦታ መክተት ክልክል ነው። ከዚያ ጠርዙን ያያዘውን የስፌት ጥብጣብ በአራቱም ጎን ይቆርጣል፤ ምላጩ ከሰውነት ወደ ውጭ ይሄዳል። ሽፋኑ ተገልጦ ይነሳል፣ የስፖንጁና የጥጡ ድርብርብ ይላጣል፣ ከሽቦው ጋር ያያዙት ቀለበቶች ይቆረጣሉ። የቀረው የስፕሪንግ አጽም ወደ መጭመቂያ ማሽን ይገባል። የለመደ ሰው ይህን በደቂቃዎች ይጨርሳል። ቦክስ ስፕሪንግ ላይ ጨርቁ ከተገፈፈ በኋላ እንጨቱ ከብረቱ በፒንሳና በመፈልቀቂያ ይለያል።

ብረቱ ላይ ጨርቅ ከቀረ የቁርጥራጭ ብረት ገዢው ዋጋ ይቀንሳል። ስፖንጁ የምንጣፍ ሥር ንጣፍ ይሆናል፤ ሜሞሪ ፎም (ሲጫኑት ቀስ ብሎ የሚመለስ ስፖንጅ) እና ላቴክስ (ከጎማ የተሠራ ስፖንጅ) ግን ለየብቻ ይቀመጡ፣ ላቴክስ የገባበት ጭነት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ጥጡ ለማጣሪያና ለሙቀት መከላከያ፣ እንጨቱ ለማገዶና ለአትክልት ሥር መሸፈኛ ይሄዳል። አስቸጋሪው እያንዳንዱ ስፕሪንግ በጨርቅ ኪስ ውስጥ የተቀመጠበት ዘመናዊ ፍራሽ ነው። ጨርቁ ተጣብቆ ስለሚመጣ በእጅ መለየት ከዋጋው በላይ ጉልበት ይፈጃል፤ የሚለይ ማሽን ወይም ከነጨርቁ በርካሽ የሚቀበል ገዢ ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነት ፍራሽ ድርሻ በጨመረ ቁጥር ለበታኙ የሚከፈለው ዋጋ ካልተስተካከለ፣ ሪሳይክለሩ አጽሙን ጓሮ ማከማቸት ይጀምራል። የተከማቸ ስፖንጅም ደረቅ ማገዶ ነው፤ በክምሮች መካከል የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ይተው፣ ሊከማች የሚችለው ከፍተኛ መጠን በውሉ ይጻፍ።

መቁጠርና መመዘን

ለሪሳይክለሩ የሚከፈለው በተበተነ ዕቃ ቁጥር ከሆነ ቁጥሩን ለማሳበጥ የሚገፋ ነገር አለ። መከላከያው ሚዛን ነው። በወሩ የገባው ዕቃ በአማካይ ክብደቱ ሲባዛ፣ ከተሸጠው፣ ከተጣለውና በመጋዘን ከቀረው ድምር ጋር መቀራረብ አለበት። 1,000 ዕቃ ቢገባ 50,000 ፓውንድ ይጠበቃል፤ 38,000 ተሸጦ፣ 9,000 ተጥሎ፣ 3,000 በመጋዘን ካለ ሂሳቡ ይዘጋል። የሽያጭና የመጣያ ደረሰኞቹ 35,000 ብቻ ካሳዩ ወይ ፍራሹ አልገባም፣ ወይ ጓሮው ውስጥ ተከምሯል፣ ወይ ሳይበተን ተጥሏል። ሦስቱም ያለ ማስታወቂያ በሚደረግ ጉብኝት ይለያሉ። በድንበር አካባቢ ላሉ ጣቢያዎች ደግሞ ከሌላ ስቴት የመጣ ጭነት እንዳይቀላቀል፣ በብዛት የሚያመጣ ሁሉ ዕቃው ከየት እንደተነሳ ፈርሞ ይግባ።

ከሪሳይክለሮች ጋር የሚደረገው ውል ቢያንስ በሁለት ድርጅቶች ይከፈል። አንዱ ቢዘጋ ወይም ቢቃጠል ተጎታቾቹ የሚሄዱበት ቦታ ይኖራል፤ መሰብሰቢያ ጣቢያ ለሁለት ሳምንት ከተዘጋ ነዋሪው ፍራሹን ወደ መንገድ ዳር ይመልሰዋል።