ድምፃዊቷ አንገቷን ወደ ኪቦርዱ ስታዞር

ቅዳሜ ማታ ለገጣፎ ጃዝ እንጫወታለን። ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በሩ ጋ ሥጋ ይቆረጣል፣ ጥግ ላይ እኛ አለን። እኔ ኪቦርድ ነው የምጫወተው። ድምፃዊቷ እየዘፈነች ድንገት አንገቷን አዙራ ካየችኝ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ ማለት ነው። ድሮ "እሷ ናት የሳተችው" እያልኩ ስከራከር ነበር። አሁን መጀመሪያ የራሴን እጅ ነው የማየው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ነው የሚገኘው።

ከላይ ትጮሃለች፣ ከታች አትሰማም

"ዛሬ ድምጿ የለም" ለማለት አትቸኩል። የድሮ የአሜሪካ ጃዝ ዘፈኖች በኖታ መጽሐፍ የታተሙበት ኪ (ዜማው የሚያርፍበት የድምፅ ከፍታ) አብዛኛውን ጊዜ ለመሣሪያ ተጫዋች የሚመች ነው። ለሴት ድምፅ ብዙ ጊዜ ራቅ ያለ ኪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ልምምድ ላይ ያለ ምንም መሣሪያ አዘፍናት። በራሷ ጊዜ የጀመረችበትን ድምፅ ኪቦርዱ ላይ ፈልግ። ከዚያ የዘፈኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ኖታ አብራችሁ ፈትሹ። ኪውን ስልክህ ላይ ጻፈው፣ አለቀ።

ኪቦርዱን በሙሉ ወደ ሌላ ኪ የምታዞረውን ትራንስፖዝ ቁልፍ ተጭኖ መገላገልም አለ። እኔም እገላገል ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ቦታዋ ሳልመልሳት ቀረሁ። ቀጣዩን ዘፈን ቤዝ ጊታሪስቱ በትክክለኛው ኪ፣ እኔ ሦስት ግማሽ ድምፅ (ኪቦርዱ ላይ ሦስት ቁልፍ) ዝቅ ብዬ ጀመርን። ድምፃዊቷ ማይኩን ይዛ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ሥጋ ቆራጩ ልጅ ሳይቀር ቢላውን አቁሞ አየን። ከዚያ ቀን ወዲህ በ12ቱም ኪ በእጄ ነው የምለማመደው።

ወደኋላ ትቀራለች፣ ዘፈኑም እየሞተ ይሄዳል

ይሄኛው ብዙ አጃቢ የሚወድቅበት ነው። ድምፃዊቷ ቃሉን ከምቱ ትንሽ አዘግይታ ታወጣዋለች። አንተ "ልጠብቃት" ብለህ ትዘገያለህ። እሷ ደግሞ ምቱ ሲዘገይ ሰምታ ከዚያም ወደኋላ ትላለች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርሱ ዘፈኑ ተኝቷል።

ጃዝ ላይ ከምት ወደኋላ ማለት ስህተት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። አሜሪካዊቷ የጃዝ ድምፃዊት ቢሊ ሆሊዴይ በዚህ ነው ስሟ የሚነሳው። በ1930ዎቹ የቀዳቻቸውን ስማ። ድምጿ ይጎተታል፣ ከሥሯ ያለው ምት ግን ንቅንቅ አይልም። መጎተቷ የሚያምረውም ምቱ ስለማይጠብቃት ነው። ልጆች ገመድ ሲዘሉ አይተህ የለ? አዟሪዋ ለዘላይዋ ብላ እጇን ካዘገየች ገመዱ እግሯ ላይ ይጠመጠማል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጠብቃት። ዘፈኑ ያለ ምት፣ እንደ ወሬ በሚጀምርበት መግቢያ ላይ መሪዋ እሷ ናት። ያኔ ትከሻዋን እይ። ከፍ ሲል አየር እየሳበች ነው። ጣትህ ቁልፉ ላይ ዝግጁ ይሁን እንጂ አትጫነው። የመጀመሪያው ቃል ከአፏ ሲወጣ ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) አብሮ ይውረድ። ዓይንህ የተከፈተ ኖታ ላይ ከተተከለ ይሄ አይሆንም፤ ኮርዱን በቃልህ ያዝ።

ግጥሙ አይሰማም

ሰው "ድምፅ ጨምሩላት" ይላል፣ ሳውንድ ማኑም ይጨምራል፣ ማይኩ ያፏጫል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሁለቱ እጆችህ እሷ የምትዘፍንበት አካባቢ መስፈራቸው ነው። ግራ እጅህን ከቤዝ ጊታሩ መንገድ አንሳ። ቀኝ እጅህም ቃሏ ሲያልቅ ነው ተራው።

ይህንን ለመማር ፒያኒስቱ ቶሚ ፍላናጋን የጃዝ ድምፃዊቷን ኤላ ፊትዝጄራልድን ሲያጅብ መስማት ጥሩ ነው። እዚሁ ቅርብ ደግሞ አዝማሪ አለልህ። ስንኙን ሲያወርድ ማሲንቆው ለስለስ ይላል፣ ስንኙ ሲያልቅ ማሲንቆው ይመልሳል። ያንን ፒያኖ ላይ ማድረግ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ማይኩ ከዚያም በኋላ ካፏጨ ሞኒተሩን፣ ማለትም ለድምፃዊቷ ድምጿን የሚመልስላትን መድረክ ላይ ያለ ስፒከር ተመልከት። ተራ የመድረክ ማይክ ከፊቱ እንጂ ከጀርባው ብዙ አይሰማም። ስለዚህ ሞኒተሩ የማይኩን ጀርባ ይይ። ድምፃዊቷም የማይኩን ወንፊት በመዳፏ አትሸፍን፤ ሲሸፈን ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። ሐምሌ ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን መፍትሄ የለኝም። እኛ ድራሙን አስቀድመን ያለ ዘፋኝ እንጫወታለን፣ እሷ ሻይ ትጠጣለች።

ትዝታ ስትዘፍን የሆነ ነገር ይጎረብጣል

ከጃዝ ወደ ትዝታ ስንሻገር እጃችን አሜሪካ ይቀራል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው። ፋ የለውም፣ ሲም የለውም። ጃዝ ተጫዋች በልማድ የሚነካው የሶ ሰባተኛ ኮርድ ደግሞ ሁለቱንም ይዟል። ስለዚህ እሷ ቅኝት ውስጥ፣ አንተ ከቅኝት ውጪ ናችሁ። ሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ ጃዝን ሲያበጅ የገጠመው ጥያቄ ይሄው ነበር፦ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝትን ከምዕራባውያን ሙዚቃ 12 ድምፅ ጋር ቅኝቱ ሳይዋጥ ማስማማት።

የእኔ መላ ቀላል ነው። ኮርድ አሳንስ። ግራ እጅህ ዶና ሶ ላይ ይቆይ፣ ቀኝ እጅህ ከአምስቱ አይውጣ። አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ግን ሶንም ተዋት! የአንቺሆዬ ድምፆች ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶ ፍላትና ላ ናቸው። አንተ ሶን ይዘህ እሷ ሶ ፍላት ስትል መሃላችሁ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፣ ጥርስ ያፋጫል። ዶና ፋ ይበቁሃል።

በብርድ ማታ ሁሉም ትንሽ ይስታል

ሱሉልታ ላይ ውጪ የተጫወተ ያውቀዋል። ከእንጦጦ ጀርባ ሲመሽ ሳክስፎኑ ይቀዘቅዝና ድምፁ ይወርዳል። ኪቦርዱ አይነቃነቅም። ድምፃዊቷ መሃል ላይ የቱን ትከተል? ሳክስፎኒስቱ ቀድሞ ያሙቀው፣ በየሁለት ዘፈኑም ከኪቦርዱ ጋር ይቃኝ።

ግጥም ጠፋባት

አትቁም። በ1960 በርሊን መድረክ ላይ ኤላ ፊትዝጄራልድ ግጥም ጠፍቷት ከራሷ እየፈጠረች ዘፈነች። ባንዱ ምቱን አልለቀቀም፣ ያ ቅጂም ግራሚ አሸነፈ። አንተ ዜማውን በቀኝ እጅህ ቀስ ብለህ አሳያት። ስምንት ባር (የምት ክፍል) ዘላ ከገባች አብረሃት ዝለል፤ ትክክል ማን ነበር የሚለው ለእረፍት ይደር።

ዘፈኑ አልቆም አለ

ጃዝ ላይ የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ መድገም የተለመደ ነው። አንድ ማታ እኔ በሁለተኛው ቆምኩ፣ ቤዙ በሦስተኛው፣ ድራመሩ ብቻውን ቀጠለ። ሰው ሶሎ መስሎት አጨበጨበለት። አሁን ተስማምተናል። ድምፃዊቷ ከመጨረሻዋ ድግግሞሽ በፊት አንገቷን ወደ ኪቦርዱ ታዞራለች፣ እኔ ለድራመሩ በአገጬ አሳየዋለሁ፣ አብረን እናቆማለን። አሁን ችግሩ የትኛዋ ምልክት፣ የትኛዋ ቁጣ እንደሆነች መለየት ነው። ምልክቷ ላይ ፈገግ ትላለች።