«አዋጁ ጸድቋል» ከማለትዎ በፊት፦ ስለ ሕግ አወጣጥ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ረቂቅ ሕግ በዜና በተነገረ ማግስት ስልኬ አያርፍም። ሱቅ ያለው፣ ሠራተኛ የቀጠረው፣ ቤት ያከራየው ሁሉ «አዋጅ ወጣ አሉ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ መልሴ «ገና አልወጣም» ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ከወጣ እኮ ዓመት አልፎታል» እላለሁ። የማዝነው ያኔ ነው፤ ሰውዬው ሐሳቡን ሊያሰማ የሚችልበት ጊዜ አምልጦታልና።

«ካቢኔው አጽድቆታል» ብሎ መደምደም

የሚኒስትሮች ምክር ቤት (ካቢኔው) በመደበኛው አሠራር አዋጅ አያወጣም፤ ረቂቁን አዘጋጅቶ ይልካል እንጂ። ስለዚህ ዜናውን እስከ መጨረሻው ዐረፍተ ነገር ያንብቡት። «ተወያይቶበት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲመራ ወሰነ» የሚል ከሆነ መንገዱ ገና መጀመሩ ነው። «በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ወሰነ» የሚል ከሆነ ግን የተወሰነው ደንብ ነው፤ ለደንብ የካቢኔው ውሳኔ ይበቃል። ሁለቱም በአንድ መግለጫ ውስጥ ተከታትለው ስለሚወጡ ሰው ቢያምታታቸው አልፈርድበትም።

አዋጅን፣ ደንብንና መመሪያን አንድ አድርጎ ማየት

አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአዋጅ በተሰጠው ሥልጣን የሚያወጣው ሲሆን፣ መመሪያ ደግሞ የሚኒስቴር ወይም የሌላ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ነው። የበታቹ ከበላዩ ጋር ሊቃረን አይችልም።

ይህ ለሕግ ተማሪ ብቻ የሚጠቅም እውቀት አይደለም። መስኮት ላይ «መመሪያው አይፈቅድም» ሲባሉ በትሕትና የመመሪያውን ቁጥርና የወጣበትን ዓመት ይጠይቁ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከወጣ ወዲህ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከመጽደቁ በፊት የሕዝብ አስተያየት ሊሰበሰብበት፣ ከጸደቀ በኋላም ሊመዘገብ ይገባል። ቁጥር የሌለው «መመሪያ» ብዙ ጊዜ የአንድ ኃላፊ የውስጥ ደብዳቤ ሆኖ ይገኛል።

ድምፅ የሚሰጥበትን ቀን መጠበቅ

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህኛው ነው። ቴሌቪዥን የሚያሳየን እጅ ሲወጣና አፈ ጉባዔው ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ ሲያስቆጥሩ ነው። ያን ዕለት ግን ሥራው አልቋል ማለት ይቻላል።

ረቂቅ አዋጅ መጀመሪያ ከነማብራሪያው ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ አባላት በአጠቃላይ ይዘቱ ላይ ይነጋገሩና ጉዳዩ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ «ለዝርዝር ዕይታ» ይመራል። ይህን ሐረግ የሰሙ ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ያንሡ። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ይሄዳል፣ ረቂቁን ያዘጋጁትን ጠርቶ ማብራሪያ ይጠይቃል፣ በጽሑፍ የሚገባ አስተያየት ይቀበላል፣ ለብዙ ረቂቆችም ይፋዊ የሕዝብ መድረክ ይጠራል። ከዚያ በሪፖርትና በውሳኔ ሐሳብ ወደ ጉባዔው ይመለሳል። አንቀጽ የሚለወጠው በአብዛኛው እዚህ መሃል ነው።

በአንድ እንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከአዳራሹ ግማሽ በላይ ባዶ ወንበር ነው። አንዲት እናት ረቂቁን አሳትመው፣ አንድ ንዑስ አንቀጽ በቀይ አስምረውበት መጥተዋል። ፈቃድ ለማደስ ከተዘረዘሩት ሰነዶች መካከል የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በ«እና» ተያይዘዋል። «ይኼ “ወይም” ካልሆነ እኔን መሰል ሰው ሁለቱንም ሊያሟላ አይችልም» አሉና ምክንያቱን በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረድተው ተቀመጡ። የኮሚቴው አባላት አጎንብሰው ጻፉት። ከእሳቸው በፊት የተናገሩት ሰው ስለ አገር ዕድገት ሩብ ሰዓት ያህል ተናግረው ነበር፤ ማንም ግን እስክሪብቶ አላነሣም። አስተያየት ሲሰጡ የአንቀጹን ቁጥር ይጥቀሱ፣ ችግሩን ያሳዩ፣ ምትክ አነጋገሩን ጽፈው ይስጡ።

የጊዜውንም ነገር ልብ ይበሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ የዓመቱ የሥራ ጊዜ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ ሲደርስ በጀቱም ሌላው ረቂቅም ይደራረባል። በዚያ ወር ኮሚቴ ዘንድ የገባ ረቂቅ ላይ «ነገ አየዋለሁ» ማለት አያዋጣም።

የፌዴሬሽን ምክር ቤትን «የላይኛው ምክር ቤት» ማለት

የሌሎችን አገሮች ፓርላማ ያየ ሰው አዋጅ በሁለቱም ምክር ቤቶች ማለፍ ያለበት ይመስለዋል። የእኛ እንደዚያ አይደለም። አዋጅ የሚወጣው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚገኙበት ሆኖ ሥራው ሌላ ነው፦ ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፣ የጋራ ገቢዎችና የድጎማ ክፍፍልን ይወስናል፣ የትኛው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የፌዴራል ሕግ እንደሚያስፈልገው ይለያል። ሁለቱ በሕግ ሥራ አብረው የሚቆሙት በተለይ ሕገ መንግሥት ሲሻሻል ነው። «ይህ አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» የሚል ክርክር ካለዎት ግን መጨረሻው እዚያ ስለሆነ እንደ ቀላል አይዩት።

ፕሬዚዳንቱ ሊያስቆሙት ይችላሉ ብሎ መጠበቅ

አይችሉም። አንቀጽ 57 አጭር ነው፦ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፣ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፤ ካልፈረሙም ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል።

ጋዜጣውን ሳይገልጡ በወሬ መሥራት

ድሮ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ፣ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» እየተባለ ነበር። ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ገጹን ሲገልጡ በግራ በኩል አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው ይታያል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ድርጅትዎ የሚሠራው በእንግሊዝኛው ብቻ ከሆነ ይህን አይርሱ።

ከፊተኛው ገጽ ይልቅ መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን አንቀጾች ያንብቡ። የተሻሩ ሕጎች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎችና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው። አንድ ቀጣሪ አሮጌውን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ይዞ መጥቶ የሙከራ ጊዜን 45 ቀን እያለ ሲቆጥር አይቻለሁ። ያ አዋጅ በቁጥር 1156/2011 ከተሻረ ቆይቷል፤ የአዲሱ ገደብ 60 የሥራ ቀን ነው። ኢንተርኔት ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ የተሻረው ላይ «ተሽሯል» የሚል ማኅተም የለበትም።

የሚጸናበትን ቦታም ይመልከቱ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በፌዴራሉ ምክር ቤት የወጣ ቢሆንም የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች በቤተሰብ ጉዳይ የራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ፣ በራሳቸው ጋዜጣም ያትማሉ። ስለዚህ የፍቺ ጉዳይ ያለው የባሕር ዳር ነዋሪ የሚያገላብጠው ዝክረ ሕግ የተባለውን የአማራ ክልል ጋዜጣ ነው።