የአዳማ ሙቀትና ሮለር መጋረጃ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ሮለር መጋረጃ፣ ቱቦ ላይ እየተጠቀለለ የሚወጣውና የሚወርደው፣ አዳማ ላይ የሚበላሸው ገና ሲታዘዝ ነው። ጨርቁ በቀለሙ ይመረጣል፣ ስፋቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይለካል፣ መስኮቱ ወደ የት እንደሚያይ የሚጠይቅ የለም። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚታረሙት በትእዛዙ ወረቀት ላይ ነው፤ ጥቂቶቹ ከተሰቀለ በኋላም ይታረማሉ።

ምልክት፦ መጋረጃው ወርዷል፣ ክፍሉ ጨልሟል፣ ሙቀቱ ግን ያው ነው

ከሁሉም በላይ የሚመላለሰው ቅሬታ ይህ ነው። ሰው ጨለማንና ቅዝቃዜን አንድ አድርጎ ስለሚያስብ በጣም ወፍራሙን፣ በጣም ጥቁሩን ብላክአውት፣ ብርሃን ፈጽሞ የማያሳልፈውን ጨርቅ፣ ይመርጣል። ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ እንደ ዋሻ ይጨልማል፣ እንደ ምጣድ ይግላል።

መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ በእጃችሁ ለዩ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መጋረጃውን አውርዱና መዳፋችሁን ከጨርቁ አንድ ጣት ያህል አርቃችሁ ያዙት። ቀጥሎ ወንበር ላይ ቁሙና ኮርኒሱን ዳስሱ። ኮርኒሱ ከጨርቁ ይበልጥ ከጋለ ሙቀቱ የሚመጣው ከጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው ሥር የታመቀው አየር መውጫ ካላገኘ፣ ከኮርኒሱ በላይም ሙቀት የሚከላከል ነገር ካልተነጠፈ ምንም ዓይነት ሮለር ያንን ክፍል አያበርደውም። ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ አውሉት። ሙቀቱን የሚተፋው ጨርቁ ከሆነ ግን ጥፋቱ የጀርባው፣ ማለትም በመስታወቱ በኩል ያለው ገጽ፣ ቀለም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ መስታወት አብዛኛውን የፀሐይ ጉልበት ያስገባል። ጉልበቱ ጥቁር ወይም ቡናማ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ጨርቁ ይውጠውና ራሱ ይግላል። የጋለ ጨርቅ የሚረጨውን ሙቀት ደግሞ መስታወቱ ወደ ውጭ አያሳልፍም፤ ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ጥቁሩ ብላክአውት ብርሃኑን አስቁሞ ሙቀቱን ለእናንተ ያስረክባል ማለት ነው። ነጭ ጀርባ ግን ካረፈበት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በብርሃንነቱ ይመልሰዋል፤ ብርሃን ሆኖ የተመለሰው በመጣበት መስታወት ይወጣል።

ስለዚህ የናሙናውን ደብተር ስትከፍቱ ፊቱን ብቻ አትዩ፣ ገልብጡት። በክፍሉ በኩል ግራጫ ይሁን ቡና ዓይነት የእናንተ ምርጫ ነው። በመስታወቱ በኩል ያለው ነጭ ወይም የብር ቀለም መሆን አለበት። ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ጥቁር የሆነ ጨርቅ ለአዳማ ምዕራብ መስኮት አይገዛም፤ በቅናሽም ቢሆን አይገዛም።

ሻጩ «ሁለቱም አንድ ነው» ካላችሁ ሁለት ናሙና ተውሱት፣ አንዱ ጀርባው ነጭ፣ ሌላው ጥቁር። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፀሐይ የሚመታው መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል ጎን ለጎን በፕላስተር ለጥፏቸው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሁለቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ከዚያ በኋላ ክርክር አይኖርም።

የመስኮቱ አቅጣጫም ጨርቁን ይወስናል። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ነች። የቀትር ፀሐይ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትሆናለች፤ በሰኔ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል፣ 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ጠርዝ የደቡብ መስኮት ላይ ወደ 96 ሳንቲ ሜትር ጥላ ይጥላል። በሰኔ ሰሜኑ መስኮት ላይ ጥላው ከዚያ እጥፍ በላይ ይረዝማል። ስለዚህ የሰሜንና የደቡብ መስኮት ጥሩ የጣሪያ ጠርዝ ካለው ግማሽ ሥራው ያለመጋረጃም ተሠርቷል፤ ክፍተቱ (የቀዳዳዎቹ ድርሻ) 5 ከመቶ የሆነ ስክሪን፣ ወንፊት መሰል ጨርቅ፣ ይበቃዋል፣ ብርሃንም እይታም ታገኛላችሁ።

ምዕራቡን ግን የጣሪያ ጠርዝ አያድነውም። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገባለች፣ ያውም ግድግዳውና ጣሪያው ቀኑን ሙሉ ሲግሉ በዋሉበት ሰዓት። ለዚህ መስኮት ጀርባው ነጭ የሆነ ብላክአውት፣ ወይም ጀርባው ነጭ ሆኖ ክፍተቱ 1 ከመቶ፣ ቢበዛ 3 ከመቶ የሆነ ስክሪን እዘዙ። 10 ከመቶ የሚባለውን ለምዕራብ አትቀበሉ። ምሥራቁ የጠዋት ፀሐይ ቢያገኝም ቤቱ ሌሊት በርዶ ስላደረ 3 ከመቶ በቂ ነው። ቤቱን በሙሉ በአንድ ጨርቅ ማዘዝ ለሻጩ ይመቸዋል፤ ለእናንተ ግን ወይ ምዕራቡ ይግላል፣ ወይ ሰሜኑ ያለምክንያት ይጨልማል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከመስታወቱ ውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ምንም ቢሻል የሚሠራው ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ነው። በረንዳ ካላችሁ ከውጭ የሚንጠለጠል የቀርቀሃ መጋረጃ ከውስጥ ካለው ውድ ጨርቅ የበለጠ ሙቀት ከውጭ ያስቀራል። ነፋሱ እንዳይወስደው የታችኛውን ጠርዝ በሁለት በኩል እሰሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ መስኮታችሁ ባለቀለም ወይም ከውጭ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ መስታወት ከሆነ፣ መስታወቱ ራሱ ሙቀት ይውጣል። ብላክአውቱን አስጠግታችሁ ከሰቀላችሁት በመካከላቸው የታመቀው ሙቀት መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ጠርዙ ላይ ቀድሞ የተሸረፈ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ ከላይም ከታችም አየር የሚያልፍበት ተዉለት።

ምልክት፦ ቀን ከውጭ አይታይም፣ ማታ ግን ሁሉ ይታያል

ስክሪን ጨርቅ የሚከልለው ብርሃን የበዛበት ወገን ላይ የቆመውን ሰው እይታ ነው። ማታ መብራት ስታበሩ ብርሃኑ የእናንተ ስለሚሆን መንገደኛው ያያችኋል። መኝታ ቤት ላይ ስክሪንና ብላክአውት በድርብ ብራኬት፣ ሁለት ቱቦ በሚይዝ የግድግዳ መያዣ፣ እዘዙ፣ ወይም ተራ የጨርቅ መጋረጃ ደርቡበት።

ምልክት፦ ጨርቁ መሐሉ ላይ ተሸብሽቦ የቪ ቅርጽ ይይዛል

ጨርቁን አትውቀሱት፣ ቱቦው ረግቧል። የአንድ ቱቦ ርግበት ከስፋቱ ጋር በአራተኛ ደረጃ ያድጋል፦ 1.5 ሜትር ላይ የማይታይ ርግበት በዚያው ቱቦና በዚያው ቁመት 3 ሜትር ላይ 16 እጥፍ ይሆናል። ሳሎን ላይ ሰፊ መስኮት በበዛበት ዘመን በ28 ሚሊ ሜትር ቱቦ 2.5 ሜትር የሚሰቅል ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ ቱቦው ስለረከሰለት ነው። እስከ 1.5 ሜትር ድረስ 32 ሚሊ ሜትር፣ እስከ 2.2 ሜትር 38፣ ከዚያ በላይ 45 ወይም 50 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ቱቦ ጠይቁ፤ ጨርቁ ከባድ ብላክአውት ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ሲመጣም በሜትር ለኩት። ከተሰቀለ በኋላ መፍትሄው ቱቦውን መቀየር ወይም መስኮቱን ለሁለት መጋረጃ መክፈል ብቻ ነው። የታችኛውን ባር ማክበድ ጨርቁን ያቃናዋል የሚል ምክር ብትሰሙ አትቀበሉት፤ ክብደት ሲጨመር ርግበቱ ይብሳል።

ምልክት፦ ሲጠቀለል ወደ አንድ ጎን ይሄድና ጠርዙ ይበላል

ብራኬቶቹ እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም፣ ወይም ጨርቁ ቱቦው ላይ ተጣሞ ተለጥፏል። በመስኮቱ ክፈፍ ወይም በኮርኒሱ መስመር አትተማመኑ፣ ሁለቱም የተንሻፈፉ ቤቶች ብዙ ናቸው። ውሃ ልኩን ቱቦው ላይ አስቀምጡ፤ ዝቅ ባለው ብራኬት ሥር ቀጭን ፕላስቲክ ወይም የታጠፈ ቆርቆሮ አስገቡና አስተካክሉ። ቱቦው ልክ ሆኖም ጨርቁ ከሄደ፣ ቱቦው እስኪታይ ድረስ አውርዱት። ጨርቁ ከሚሄድበት በተቃራኒው ጫፍ ቱቦው ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና ጠቅልላችሁ እዩ። አንድ ንብር ካልበቃ ሁለተኛ ጨምሩ። ከሦስት ንብር በላይ ከፈለገ ጨርቁ ሲቆረጥ ጀምሮ ጠማማ ነው፣ ለሠራው መልሱት። ጨርቁን በእጅ ወደ ጎን እየጎተቱ ማቃናት ከቱቦው ይነቅለዋል።

ምልክት፦ ብራኬቱ ከግድግዳው ወጣ

ቪቴው የያዘው ልስኑን ብቻ ነው። ባዶ ብሎኬት ላይ አጭር ፊሸር አይይዝም። ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር የሚዘልቅ ፊሸርና ቪቴ ተጠቀሙ፤ ከተቻለ ከመስኮቱ በላይ ባለው የቤቶን አርኪትራቭ ላይ ብሱ። ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ ሰፊ ሮለር አይሰቀልም።

ምልክት፦ መጋረጃው ጠበበ፣ ወይም ግድግዳውን ይፍቃል

የመስኮቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ሦስት ቦታ ለኩ፦ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች። ልስኑ ስለሚያብጥ 1482፣ 1474፣ 1469 ማግኘት የተለመደ ነው። ከግድግዳው ውስጥ የሚገጠም ከሆነ ትንሹን፣ 1469ን ስጡ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠይቁና መልሱን ትእዛዙ ላይ አጽፉት፦ «ይህ ቁጥር ከብራኬት እስከ ብራኬት ነው ወይስ የጨርቁ ስፋት?» ጨርቁ በየጎኑ ከብራኬቱ 1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይጠባል። እናንተ ቀንሳችሁ ሠራተኛው ደግሞ ሲቀንስ በሁለት በኩል ጣት የሚያስገባ የፀሐይ ሽንጣር ይቀራል፣ ያ ሽንጣር ደግሞ ምዕራብ መስኮት ላይ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሙቀት ለሚበዛበት ክፍል ከግድግዳው ፊት መግጠም ይሻላል፦ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይ 10 እስከ 15፣ ከታች 5 አሳልፉ። መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ እጀታው ቱቦውን እንዳይመታ መጀመሪያ ከፍታችሁ ለኩ።

ምልክት፦ በነፋስ ይንኳኳል፣ ጨርቁ ይታጠፋል

በከተማዋ ዙሪያ የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት የነፋስ ማመንጫዎች የተተከሉት፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት ሆነው፣ ነፋሱ ጠንካራና የማያቋርጥ ስለሆነ ነው። ያው ነፋስ በተከፈተ መስኮት ገብቶ የወረደውን ሮለር እንደ ሸራ ይነፋዋል፤ የታችኛው ባር ግድግዳውን ይቀጠቅጣል፣ ብላክአውቱ አንዴ ከታጠፈ መስመሩ አይጠፋም። መስኮቱን ከፍታችሁ የምትተኙ ከሆነ ከጎንና ከጎን በብረት ሽቦ የሚመራ ዓይነት እዘዙ፣ ወይም ባሩን ከታች የሚይዝ መንጠቆ አስገጥሙ። ከባድ ባር ብቻውን ነፋሱን አያስቆምም።

ነፋሱ ከሚያመጣው አቧራ ጨርቁን የሚያድነው በሳምንት አንድ ጊዜ ለስላሳ ብሩሽ ወይም በቫኪዩም መጥረግ ነው። አቧራ ያለበትን ጨርቅ በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ጭቃ ያደርገዋል። ስክሪን ከተጠረገ በኋላ በትንሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታበሳል። ብላክአውት ግን አይታጠብም፣ አይዘፈዘፍም፣ አይተኮስም፤ ጀርባው ላይ የተቀባው ንብር ይሰነጠቅና እንደ ፈሰሰ ዱቄት መስኮቱ ሥር ይራገፋል።

አልፎ አልፎ የሚታዩ፦ የጨርቁ ሁለት ጠርዞች ወደ ውስጥ ከተጠቀለሉ ርካሽ ፕላስቲክ ቅብ በሙቀት ተኮማትሯል፣ አይመለስም፣ ጨርቁን ቀይሩ። አዲሱ ጨርቅ ሲሞቅ የፕላስቲክ ሽታ ካለው መስኮቱን ከፍታችሁ አየር አስመቱት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልለቀቀው ለሻጩ መልሱት።

ምልክት፦ ሰንሰለቱ ይንሸራተታል ወይም መጋረጃው ራሱ ይወርዳል

ክላቹ፣ ሰንሰለቱ የሚያዞረው የቱቦው ጫፍ ማሽከርከሪያ፣ ውስጥ አቧራ ገብቷል ወይም የፕላስቲክ ጥርሱ ተበልቷል። አውጥታችሁ በደረቅ ብሩሽ አጽዱት። ዘይት አትጨምሩበት፤ መያዣው ስፕሪንግ በመፋተግ ስለሚሠራ ዘይት ያስለቅቀዋል፣ አቧራም ይሰበስባል። አሁንም ከለቀቀ ክላቹን ለቱቦው ዲያሜትር በሚስማማ ይቀይሩት፤ የ28 ክላች በወረቀት ተጠቅልሎ 38 ቱቦ ውስጥ የሚወተፍበትን ሥራ አትቀበሉ።

ሕፃን ያለበት ቤት የሰንሰለቱን ቀለበት አንጠልጥሎ መተው አደጋ ነው፤ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። የቀለበቱ ታች ከወለሉ 1.5 ሜትር በላይ እንዲሆን አሳጥራችሁ እዘዙ፣ ሰንሰለቱንም በመወጠሪያው ግድግዳው ላይ በቪቴ እሰሩት። አልጋና ሶፋ ከሥሩ አታስጠጉ። መወጠሪያው ከመጋረጃው ጋር በትንሽ ከረጢት ይመጣል፤ ሠራተኛው «አያስፈልግም» ብሎ ይዞት ሳይሄድ ተቀበሉትና ፊታችሁ ላይ አስገጥሙት።