ጆሯቸው የከበደ ሰዎች የሚሰሙት የእድር ስብሰባ እንዴት ይካሄዳል?

ባሕር ዳር የእድር ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ከኋላ ያሉ አንድ አባት እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ ያደርጋሉ። ትንሽ ቆይተው ይተዉታል። ሌላው እጅ ሲያወጣ አይተው እሳቸውም ያወጣሉ። መዋጮው ይጨመር ይሁን ይቀነስ አያውቁም። ይህን ማስቀረት ይቻላል፤ ብዙ ወጪም የለውም።

መጀመሪያ ጫጫታውን ቀንሱ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደህና ጆሮ ያለውም አይሰማም። አዳራሹ ኮርኒስ ከሌለው የክረምቱን ስብሰባ ጠዋት አድርጉት። ባጃጅ በሚመላለስበት በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ። ኳኳታ የሚያበዛው የሻይ ብርጭቆ ስብሰባው ሲያልቅ ይቅረብ።

ቀጥሎ ማስጠጋት ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የፊት ወንበሮች ጆሯቸው ለከበደ ይያዙ። «መሣሪያ አድርገዋል፣ ይሰማሉ» ብላችሁ ኋላ አትተዉአቸው። የመስሚያ መሣሪያም ከሩቅ ሲሆን ጫጫታውን አብሮ ያጎላል። ስብሰባውን የሚመራው የእድሩ ዳኛ መስኮቱን በጀርባው አድርጎ አይቀመጥ፤ ፊቱ ይጨልማል፣ ከንፈሩም አይታይም። ጋቢውንም ከአፉ ዝቅ ያድርግ።

ሞንታርቦ ካላችሁ ድምፁን መጨመር ብቻ መፍትሔ አይምሰላችሁ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር መጀመሪያ የሚወስደው እንደ «ስ»ና «ፍ» ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ነው። ሰውየው ጩኸቱን ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም። ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ቀንሱ፣ ማይኩን ወደ አፍ አስጠጉ፣ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። «የኔ ድምፅ ትልቅ ነው፣ ማይክ አያስፈልገኝም» የሚል አይጠፋም። እሺ አትበሉት። ከመሀል የተነሳን ጥያቄ ደግሞ ዳኛው በማይኩ ይድገመው።

ገንዘብ ሲጠራ ሰሌዳ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ሠላሳና ስልሳ ለደህና ጆሮም ይምታታሉ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ውሳኔው ተጽፎ ይታይ። የተሰማ መሆኑን ስታጣሩ «ሰሙ?» አትበሉ፤ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው። «ስንት ብር ተባለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተሰማ በሌላ አነጋገር ድገሙት። «ግድ የለም፣ በኋላ እነግርዎታለሁ» ግን ሰውን ከስብሰባው ማስወጣት ነው። እባካችሁ ይቅር።

ማንበብ ለሚችል ሰው ስልክም ያግዛል። ላይቭ ትራንስክራይብ የሚባለው የጉግል የስልክ መተግበሪያ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። ስህተት አይጠፋውም፣ ሐሳቡን ለመከተል ግን ይረዳል። ስልኩ ተናጋሪው አጠገብ ይቀመጥ።

የራሱ አዳራሽ ያለው እድር ደግሞ ዙሪያውን የመዳብ ሽቦ ማዘርጋት ይችላል። ለዚሁ የተሠራ አምፕሊፋየር የማይኩን ድምፅ በሽቦው ይልካል፤ በሽቦው ዙሪያ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። «ቲ» የሚባል መቀበያ ያለው የመስሚያ መሣሪያ ያንን ተቀብሎ የተናጋሪውን ድምፅ ያለ ጫጫታ ጆሮ ውስጥ ያደርሳል። ሁሉም መሣሪያ ይህ ስለሌለው መጀመሪያ አባላቱን ጠይቁ።

በምልክት ቋንቋ የሚግባቡ አባላት ካሉ ይህ ሁሉ አይበቃም፤ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ከተናጋሪው ጎን፣ ብርሃን ላይ ይቁም። ስብሰባው ከረዘመ ሁለት ሆነው ይቀያየሩ። አጀንዳውንና የሚጠሩትን ስሞች ከቀናት በፊት ስጧቸው።