ሸራው የት፣ ላሜራው የት፦ የሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል በ1፡48

የእንግሊዙ ተዋጊ ሃሪኬን ማርክ 1 ለዝርዝር ሥራ ጥሩ መለማመጃ የሆነው ግማሹ ላሜራ፣ ግማሹ ሸራ ስለሆነ ነው። ከአብራሪው ወደፊት ያለው ገላ በላሜራ ተሸፍኗል፤ ከአብራሪው ወደኋላ እስከ ጭራ ድረስ በብረት ቱቦና በቀጫጭን እንጨቶች ላይ የተወጠረ ሸራ ነው። ብዙ ሞዴል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሠሪው ሁሉንም እንደ ብረት ይቀባና ሸራው ላይ የተላጠ ብር ያሳያል። ሸራ ተልጦ ብረት አይወጣም።

ታሪኩም ከእኛ ሰማይ የራቀ አይደለም። አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ጥቅምት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች ከመደብደቧ ልክ አንድ ወር በፊት። በ1933ቱ የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል 3ኛ ጓድ ያበረው ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደሴ ከጣሊያን እጅ የወጣችው በዚሁ ዘመቻ ነው።

እውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12.19 ሜትር ነው። በ1፡48፣ ማለትም ከእውነተኛው 48 ጊዜ አንሶ፣ ሲሠራ 25.4 ሴንቲሜትር፣ በ1፡72 ደግሞ ወደ 17 ሴንቲሜትር ይሆናል። ከሞዴል አምራቾች ኤርፊክስ ማርክ 1ን በሁለቱም ልኬት ያወጣል፤ አርማ ሆቢ በ1፡72 አለው። ዝርዝር ለማውጣት 1፡48 ይሻላል። በዚህ ልኬት የአንድ ሚሊሜትር ስህተት በእውነተኛው ላይ ወደ 5 ሴንቲሜትር ነው፤ ዓይን ይህንን ይይዛል።

ከውጭ የሚመጣና ከዚሁ የሚገዛ

ኪቱን፣ ማለትም የሚገጣጠሙት የፕላስቲክ ክፍሎች ያሉበትን ሳጥን፣ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ከውጭ የሚገባ ዘመድ ነው። ስፕሬይ ቀለምና የሞዴል ማጣበቂያ እንዲያመጣላችሁ አትጠይቁት፤ ተቀጣጣይ ስለሆኑ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም። ይልቅ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም በትንንሽ ጠርሙስ ይያዝላችሁ፦ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥቁር ቡናማ፣ የኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ግራጫ አረንጓዴ፣ ብር፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ከነዚህም ጋር የሚያብረቀርቅና የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ። ሌላው ከዚሁ ይገኛል። ከፋርማሲ ወረንጦ፤ ከሱቅ ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ ስቲኪኒና የጆሮ ጥጥ፤ ከፒያሳ የቀለምና የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ቁጥር 400፣ 800 እና 1200 የብርጭቆ ወረቀት፣ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ስኮች፣ ኮላ፣ ሱፐር ግሉ፣ ግራጫ የመኪና ፕራይመር ስፕሬይና ቲነር።

ቲነሩ የማጣበቂያውን ቦታ ይይዛል። የመኪና ቀለም ቤቶች የሚሸጡት ናይትሮ ቲነር የኪቱን ፕላስቲክ ያሟሟል፤ ሁለት ክፍሎችን ገጥማችሁ ይዛችሁ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ስፌቱን ብትነኩት ራሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። 30 ሰከንድ ያህል ጫን ብላችሁ ያዙ። ስፌቱ ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ቀጭን ክር ብቅ ካለ በደንብ ተበይዷል፤ ሌሊቱን ይደር። ጣታችሁ ስፌቱ ላይ ካለ ግን ቲነሩ ከጣታችሁ ሥር ይሄድና የጣት አሻራ ይቀርጽበታል፣ ስለዚህ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። የቲነር ዓይነት ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ መጀመሪያ ክፍሎቹ በተያያዙበት ፍሬም ቁራጭ ላይ ሞክሩት።

ከዚያው ፍሬም ስቱኮም ይሠራል። ጥቂት ቁራጭ በጥፍር መቁረጫ አድቅቃችሁ ባዶ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ፣ ቲነር እስኪሸፍነው ጨምሩ፣ ይደር። በማግሥቱ እንደ ማር ይለጠጣል። ይህ ስቱኮ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ በሁለተኛው ቀን ሳይሆን ቢያንስ ከሁለት ቀን በኋላ ነው በብርጭቆ ወረቀት የሚታሸው። ቸኩሎ ያሸ ሰው ቀለም ከቀባ በኋላ ስፌቱ ሰርጉዶ ያገኘዋል።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ ደሴ ብርዱ ሲበረታ መስኮት ተዘግቶ ከሰል ይቀጣጠላል። ከሰል ወይም ሻማ ባለበት ክፍል ቲነር አይከፈትም፤ ትነቱ እሳት ይይዛል። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ።

ኮክፒቱ

ክፍሎቹን ከመቁረጥ በፊት ፍሬሞቹን በሞቅ ያለ የሳሙና ውሃ እጠቡ፤ ከፋብሪካ ቅርጽ ማውጫ የቀረ ቅባት ቀለም አያስይዝም። ክፍል ስትቆርጡ ከክፍሉ 2 ሚሊሜትር ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቀሪውን በምላጭ ጥረቡ። ጥግ ላይ ቀጥታ ከቆረጣችሁት ፕላስቲኩ ነጥቶ ይቦደሳል።

የሃሪኬን ኮክፒት ወለል የለውም። አብራሪው እግሩን የሚያሳርፈው በሁለት ጠባብ መርገጫዎች ላይ ነው፤ ከሥራቸው የገላው ቱቦዎችና ጨለማ ይታያሉ። ስለዚህ ወለል ሠርታችሁ አትድፈኑት። ቱቦዎቹን በብር፣ መቀመጫውንና የላይኛውን ጎን በግራጫ አረንጓዴ ቀቡ፤ የታችኛውን ጥልቀት ደግሞ በጣም በቀጠነ ጥቁር ቡናማ አጨልሙት። የመቀመጫ ቀበቶው ከወረቀት ስኮች ይወጣል፦ እውነተኛው 5 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ስላለው በ1፡48 አንድ ሚሊሜትር ነው። ስኮቹን መስታወት ላይ ለጥፋችሁ በማስመሪያና በአዲስ ምላጭ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው አራት ቁራጮች አውጡ፤ ሁለቱ ከትከሻ በላይ፣ ሁለቱ ከጎን። ዘለበቶቹ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምዘው ይሠራሉ። ቀበቶውን መቀመጫው ላይ ተዘርግቶ እንደተኛ አታድርጉት፤ በሰው እጅ የተጣለ ይምሰል፣ አንዱ ጫፍ ጠርዝ አልፎ ይንጠልጠል።

ገላውን ከመዝጋታችሁ በፊት ኮክፒቱን አስገብታችሁ ያለ ማጣበቂያ፣ በደረቁ ግጠሙት። ክፍተት ካለ የሚታሸው የኮክፒቱ ጠርዝ ነው፤ ገላውን በኃይል መጫን ጀርባው ላይ ሰፊ ስፌት ይተዋል።

ክንፉና ማዕዘኑ

የክንፉ መካከለኛ ክፍል፣ ጎማዎቹ የሚንጠለጠሉበት፣ ጠፍጣፋ ነው። ሽቅብ የሚያዘነብሉት የውጪዎቹ ክፍሎች ብቻ ናቸው፣ በ3.5 ዲግሪ። ክንፉን ከሥሩ ጀምሮ ያዘነበለ ሞዴል ከሩቅ ሃሪኬን አይመስልም፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው እንኳ አንድ ነገር ቅር ይለዋል።

ለዚህ የካርቶን መለኪያ ሥሩ። ወፍራም ካርቶን ላይ አግድም መስመር አስምሩ፣ ከመስመሩ አንድ ነጥብ ላይ ተነስታችሁ 5 ሴንቲሜትር ስትርቁ 3 ሚሊሜትር ከፍ በሉ፣ ሁለቱን አገናኝታችሁ ቁረጡ። በተመሳሳይ ሌላ አንድ አውጡ። ሞዴሉን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በመጻሕፍት አስደግፋችሁ የውጪ ክንፎቹን መለኪያዎቹ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ ቲነሩን ንኩ። አሁን ከፊት ለፊት ዓይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እዩ፦ የጭራው አግዳሚ ክንፍ ከመካከለኛው የክንፍ ክፍል ጋር ትይዩ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የጭራ ክንፍ ደግሞ ቋሚ መሆን አለበት። የተሳሳተ ነገር በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ይስተካከላል። ካደረ በኋላ መሰንጠቅ ነው።

ክንፍና ገላ የሚጋጠሙበት ቦታ ክፍተት ከወጣ በስቱኮ አትሙሉት፤ ስታሹት በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ይጠፋሉ። ኮላ በእርጥብ የጆሮ ጥጥ አስገብታችሁ ትርፉን ጥረጉ።

ከአብራሪው ኋላ ያሉት የሸራ ሸንተረሮች ላይ ስፌቱ በጀርባና በሆድ ያልፋል። እዚያ ብርጭቆ ወረቀት ስትጠቀሙ ቀጭን ስቲኪኒ ላይ ጠቅልላችሁ በሸንተረሮቹ አቅጣጫ ብቻ እሹ፤ ወርዱን ካሻችሁ ሸንተረሩ ይሟጫል። ተሟጭቶ ከሆነ ከፍሬሙ በሻማ ሙቀት ሳስቶ የተለጠጠ ክር (ቲነሩ ተከድኖ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ) አንድ በአንድ ይለጠፋል።

ፕራይመርና የደሴ ጉም

የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰበት ቀን ስፕሬይ አትክፈቱ። ቲነሩ ከቀለሙ ሲተን የሞዴሉን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ በአየሩ ያለው እርጥበት እዚያ ጤዛ ይሆንና ቀለሙ ውስጥ ይታሰራል። ውጤቱ ወተት የመሰለ ንጣት ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ በበልግ ዝናብም ጊዜ፣ ይህ የታወቀ ነው። ደረቅ ቀን ምረጡና ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀቡ። ክረምቱን መጠበቅ ያልቻለ ሞዴሉን በካርቶን ይዞ ኮምቦልቻ ይውረድ፤ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ይሞቃል። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ይረዳል፤ እሳት አጠገብ ግን ፈጽሞ።

የመኪና ፕራይመር ለፕላስቲክ ኃይለኛ ነው። ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀት፣ በጣም ቀጭን፣ ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ ሩብ ሰዓት እያረፋችሁ። በአንድ ጊዜ እስኪረጥብ ከነፋችሁት ፕላስቲኩን ይበላዋል።

ቀለሙ፣ ምልክቱ፣ እርጅናው

በብሩሽ ስትቀቡ ቀለሙን በውሃ እስከ ወተት ቅጥነት አድርሱት፤ የመጀመሪያው ንጣፍ ያስጠላል፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ይሞላል። ጥቁር ቡናማው ይቀደም፣ አረንጓዴው ይከተል። በትንሽ ሞዴል ላይ የሙሉ አውሮፕላን ቀለም ስለሚጨልም ጥቂት ነጭ ጨምሩበት። የታቹን ቀለምና ምልክቶቹን ከአንድ የተወሰነ አውሮፕላን ፎቶ ውሰዱ፤ ከሁለት ፎቶ ማዳቀል ያልነበረ አውሮፕላን ይወልዳል።

ዲካል (በውሃ ርሶ ከወረቀቱ የሚላቀቅ የምልክት ተለጣፊ) ከመለጠፉ በፊት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ግድ ነው። ሻካራ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ከሥሩ አየር ይታፈንና ብርማ ይመስላል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 30 ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ አንሸራቱት። ሸንተረሩ ላይ አልቀመጥ ካለ አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ በብሩሽ ንኩት፤ ይለሰልስና ይወርዳል። ሲለሰልስ ይሸበሸባል፣ አትንኩት፣ ሲደርቅ ራሱ ይወጠራል።

ቀጥሎ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥናችሁ በላሜራው መስመሮች ውስጥ አስገቡ። ትርፉን በጆሮ ጥጥ በነፋሱ አቅጣጫ፣ ከፊት ወደኋላ ጥረጉ። ሸራው ላይ የላሜራ መስመር ስለሌለ እዚያ በሸንተረሮቹ መካከል ትንሽ ጥላ ይበቃል። ብር የሚነካው ላሜራ ብቻ ነው፦ አብራሪው በግራ በኩል ስለሚወጣ የግራ ክንፉ ሥር ይበልጥ ያረጀ ይሁን፣ የሞተሩ ክዳን ጠርዞች በጥቂቱ። የላሜራ ክንፍ ባለው አውሮፕላንም ቢሆን የክንፉና የጭራው ተንቀሳቃሽ መሪዎች ሸራ ናቸው፤ አትሳሳቱ።

የክንፎቹ ፊት ላይ ያሉት 8 የመትረየስ ቀዳዳዎች፣ በየክንፉ 4፣ ከተኩስ በፊት በቀይ ሸራ ይለጠፉ ነበር፤ እርጥበትና አቧራ እንዳይገባ። ቀይ የተቀባ ቀጭን የሲጋራ ወረቀት በኮላ ለጥፉ። ተኩሶ የተመለሰ አውሮፕላን ከሠራችሁ ወረቀቱ የለም፤ በምትኩ ከቀዳዳዎቹ ወደኋላ የከሰል ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ይሳብ። የጎማ አቧራ ከተፈጨ ጠመኔና ከትንሽ ቡናማ ይገኛል። እውነተኛ አፈር አትጠቀሙ፤ ፍሬው በዚህ ልኬት ጠጠር ይሆናል።

የጭስ ማውጫዎቹን ጫፍ በመርፌ ቆፍሩ፤ ድፍን ጫፍ ጥሩ ሥራን ያዋርዳል። የአብራሪው መስታወት በመጨረሻ፣ በኮላ ብቻ ይለጠፋል፤ የሱፐር ግሉ ትነት መስታወቱን ያነጣዋል። ከምሰሶው እስከ ጭራው አናት የሚዘረጋው የሬዲዮ ሽቦ ከዚያው ከተለጠጠው ክር ይሆናል። ከላላ የእሳቱን ጨረር ከሩቅ ብታሳዩት ይወጠራል፤ ከቀረበ ይበጠሳልና ሁለት ትርፍ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።